የጠፋው ቢጫ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ነገሩ ሁሉ ከመለወጡ በፊት፣ ሁኔታው ይህ ነበር። ጥናቱ ተጽፎ ካለቀ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። ሦስት የሕክምና መጽሔቶች መልሰውታል፤ አራተኛው ተቀብሎታል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጨቅላ ሕፃናት ተመርምረውበታል፤ ከእነዚህ የአሥራ አራቱ ፎቶ እንዲታተም ተመርጧል። ጸሐፊዋ የጨቅላ ሕፃናት ሐኪም ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አራት፣ ቆዳዋ ጥቁር ነው። የምትወደው ሰው በዚያው በአራተኛው መጽሔት ፎቶ አራሚ ሆኖ ይሠራል፤ እሱ ነጭ ነው። ከተዋወቁ አሥራ አንድ ወር አልፏቸዋል። የእሷ አባት ያውቃሉ። የእሱ አክስት አያውቁም። ችግሩ ደግሞ አክስቱ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ መሆናቸው ነው።

እንዲደበቅ የፈለገችው ራሷ ሐኪሟ ነበረች። «ጽሑፌ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ስለ እሱ አናወራም፤ ለአክስትህም ትንፍሽ አትልም» ብላዋለች። መጽሔቱ በሠላሳ አንድ ዓመት ዕድሜው አንድም ጊዜ የጥቁር ሐኪም ስም በመጀመሪያ ጸሐፊነት አትሞ አያውቅም። በሆስፒታሉ ከእሷ በፊት የሞከሩ አራት ጥቁር ሐኪሞች ጽሑፋቸው እየተመለሰባቸው ተሰላችተው ትተውታል። አሁን የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። ነገ አንዱ ተነሥቶ «በፍቅረኛዋ በር ነው የገባችው» ቢል የሁለት ዓመት ከሰባት ወር ልፋቷን ውኃ በላው ማለት ነው። እሱም ይህ ገብቶት ቃል ገባላት።

ፍቅራቸው የጀመረው በጥያቄ ነበር። መጽሔቱ ለሐኪሞች ስለ ፎቶ አዘገጃጀት የግማሽ ቀን ትምህርት ሲሰጥ፣ አራሚው ሰሌዳው ላይ የብርሃን ልክ የሆነ አንድ መስመር አሳየ፤ ማንኛውም የሰው ቆዳ ከዚህ መስመር በታች ከጨለመ ፎቶው «ግልጽነት ይጎድለዋል» ተብሎ ይመለሳል አለ። ሐኪሟ እጇን አውጥታ «መስመሩ ለምን እዚያ ላይ ሆነ?» ስትለው ጥያቄዋን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፈው። በስምንተኛው ቀን በፖስታ ደብዳቤ ደረሳት፦ «ጥያቄዎን ይዤ ስምንት ቀን ዞርኩ፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። እርስዎን ግን ልረሳዎት አልቻልኩም።» ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ማንኛውንም ነገር ሁለት ጊዜ ሳትለካ ስለማታምን የሥራ ባልደረቦቿ «ሁለቴ» የሚል ቅጽል ስም ካወጡላት ቆይተዋል።

*

ከኅትመት በፊት የምታያቸው የማረሚያ ገጾች ማክሰኞ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሷት። በሐኪሞች ማረፊያ ክፍል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ከጎኗ፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት የሠሩት ሲስተር ሻያቸውን አስቀምጠው መነጽራቸውን ያጸዳሉ።

ርዕሱ ትክክል ነው። ስሟ ትክክል ነው። ሠንጠረዦቹን ቁጥር በቁጥር እያመሳከረች ወረደች። አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

የጥናቱ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውነቱ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ቢጫው ሲበዛ አንጎልን ይጎዳል፤ በጊዜ ከታየ ግን ሕፃኑን መብራት ሥር አስተኝቶ ማከም ይቻላል። ነጭ ሕፃን ላይ ከበሩ ሆነው ያዩታል። ጥቁር ሕፃን ላይ የት ማየት እንዳለበት ያላወቀ ሰው ያልፈዋል። እሷ የሚታይበትን ቦታ፣ ድዱን፣ መዳፉን፣ ውስጥ እግሩን፣ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሥታ፣ ከደም ምርመራው ውጤት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ዓይን ሊለምደው እንደሚችል አሳየች።

አሁን ከፊቷ ያሉት ሕፃናት ግን የእሷ አይደሉም። ቆዳቸው ፈክቷል። ሰባተኛዋ፣ የደሟ ውጤት ከሁሉ የከፋው፣ ድዷ የበሰለ ማንጎ መስሎ የነበረው ልጅ፣ እዚህ ድዷ ሮዝ ነው። መዳፏ ወረቀት መስሏል። ቢጫው የለም።

«ሲስተር፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ። ሰባተኛዋን።»

ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «የማን ልጅ ናት? ጤነኛ ናት እኮ። እኔ ብሆን እናቷን ዛሬውኑ ይዘሻት ሂጂ እላት ነበር። ምነው፣ ቆንጆ ቆንጆ ሕፃናት ለቅመሽ ልታሳትሚ ነው እንዴ?»

ሐኪሟ አልሳቀችም። የገጹ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ፎቶ፦ አራሚ ቁጥር ሦስት» ይላል። ቁጥር ሦስት ማን እንደሆነ ታውቃለች። አንድ ቀን «እዚያ ቤት ስም የለኝም፤ ሦስት ነኝ» ብሎ አስቋት ያውቃል።

ስልኳ ጮኸ። የእሱ መልእክት ነው፦ «ደረሰሽ? አየሽው? ደስ አለሽ?»

ለሦስቱም ጥያቄ አንድ መልስ ነበራት፣ «አይ» የሚል፤ አልጻፈችውም። ይህ ሰው አሥራ አንድ ወር ሙሉ ፊቴን ሲያይ ምን እያየ ነበር፣ አለች በልቧ፤ ምናልባት ጥቁር ነገር ባየ ቁጥር እጁ የሚሄደው ወደ ማንጫው ቁልፍ ነው። ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሙን ስልኳ ላይ ስታይ ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

*

የአባቷ ልብስ ስፌት ቤት ከሆስፒታሉ ሁለት ፌርማታ ነው። በምሳ ሰዓት ስትደርስ፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጥለው በመስኮቱ አጠገብ ጥቁር ኮት ይሰፋሉ።

«በሥራ ቀን መጣሽ፤ ወይ ታመሻል ወይ ተጣልተሻል» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አልታመምኩም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ያ ፎቶ አጣቢ ነው።»

«ፎቶ አራሚ ነው የሚባለው።»

«አጣቢም ሆነ አራሚ፣ ምን አደረገሽ?»

ስልኳን ሰጠቻቸው። ራሷ ያነሣችውን የሰባተኛዋን ፎቶ፣ ቀጥሎ የማረሚያውን ገጽ አሳየቻቸው። አባቷ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ጨርቅ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«እኔ የሰጠሁሽ ጨርቅ የታለ?» አሉ።

ፎቶዎቹን ስታነሣ ከእያንዳንዱ ሕፃን እጅ አጠገብ አንድ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ታደርግ ነበር፤ አባቷ ከአንድ ጥቅል የቆረጡላት። ጨርቁ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ስለሆነ፣ የቀኑ ብርሃን ምን ያህል እንደነበረ በእሱ ይታወቃል።

«ቆርጠው አውጥተውታል። ደንባቸው ነው፤ ከሰውነት ውጭ ያለ ነገር ፎቶው ውስጥ አይገባም።»

«ነጩን አውጥተው ጥቁሩን አነጡት በይኛ።» ስልኩን መለሱላት። «እኔ ጥቁር ኮት ስሰፋ ስፌቱ ካልታየኝ ወንበሬን ወደ መስኮቱ እስባለሁ። ኮቱን አላነጣውም። ባለቤቱ ይገድለኛላ።»

ልትስቅ ፈልጋ እንባ ቀደማት። «ይወደኛል ብዬ ነበር፣ አባባ።»

«አሁንስ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም። አልጠየቅሁትም።»

አባቷ መርፌያቸውን ኮቱ ላይ ሰክተው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩ። «አንቺ? የራስሽን ሙቀት መለኪያ እንኳ የማታምኚው? ይህን ሁሉ ዘመን ሁሉን ነገር ሁለቴ ስትለኪ ኖረሽ፣ ሰውዬውን አንዴም ሳትለኪ ልትጥይው ነው?»

«እሄዳለሁ። ግን ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ለሕፃናቱ ነው።»

«ለማንም ብለሽ ሂጂ። ፊትሽን ግን ታጠቢ መጀመሪያ።»

ከጓዳው ቧንቧ ቀዝቃዛ ውኃ ፊቷ ላይ ስትረጭ፣ የምትፈራው እሱ ሊዋሻት መቻሉን እንዳልሆነ ገባት። የምትፈራው ዋሽቷትም ሳትጠላው እንዳትቀር ነበር።

*

መጽሔት ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ የአዘጋጅ ቦርዱ አባላት ፎቶ በሰልፍ ተሰቅሏል። አሥራ ሁለት ናቸው፤ አሥራ ሁለቱም ነጮች። ቆጠረቻቸው፤ ሁለቴ።

የአራሚው ክፍል ጠባብ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ያበራል። ከስክሪኖቹ በላይ የአንዲት ፈገግ ያለች ነጭ ወጣት ፎቶ በግራና በቀኙ የቀለማት ረድፍ ተደርጎለት ተለጥፏል። ሠራተኞቹ «ሙሽሪት» ይሏታል። ስክሪንም ማተሚያም የሚስተካከለው በእሷ ፊት ቀለም ልክ ነው፤ ሙሽሪት ካማረባት ሌላው ሁሉ አምሮበታል ማለት ነው።

ሲያያት ፈገግ ብሎ ተነሣ። ወዲያው ፊቷን አስተዋለና ፈገግታው መንገድ ላይ ቀረ።

«አልመለስሽልኝም» አለ።

«ሰባተኛዋን ክፈታት።»

ከፈተ።

«ታማለች ወይስ ጤነኛ ናት?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እንዴት ብዬ…»

«የምታየውን ንገረኝ።»

«ጤነኛ ትመስላለች።»

«ከሥሯ ያለውን የደም ውጤት አንብበው።»

አነበበው። መልሶ አነበበው። ደሙ ከፊቱ ሲወርድ አየች፤ ነጭ ፊት ስለሆነ ከበሩ ሆና ታያት።

«ከመስመሩ በታች ነበሩ» አለ። «አሥራ አራቱም። አክስቴ ትናንት ‹እስከ ሐሙስ ካልተስተካከሉ ጽሑፉ ከእትሙ ይውጣ፤ ጸሐፊዋ ቆዳቸው የፈካ ሕፃናት ፎቶ ትላክ› ብለው ጻፉ። አራተኛ ጊዜ ሲመልሱብሽ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ስለ ጽሑፉ አናወራም ብለሽኛል። እና…»

«እና አጠብካቸው።»

«ወደ መስመሩ አወጣኋቸው።»

«መስመሩ ለምን እዚያ ላይ ሆነ ብዬ ከጠየቅሁህ አሥራ አንድ ወር ሆነ። መልሱን አጣሁ ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም ሞኟ ደብዳቤህን ትራሴ ሥር አኖርኩ። መልስ ያጣህለትን መስመር ነው እስከ ዛሬ ስትጠብቅ የኖርከው?»

እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ።

«ንገረኝ እስቲ» አለች፤ ይህን ላለመጠየቅ ደረጃውን ስትወጣ ለራሷ ምላ ነበር። «ለአክስትህ የምታሳየኝ ቀን ሲደርስ እኔንስ በስንት ታነጣኝ ነበር?»

እንደተመታ ሰው ቆመ። ከዚያ ተቀምጦ አንድ ሌላ ፎቶ ከፈተ። ባለፈው ዓመት ድልድዩ ላይ ያነሣት ፎቶ ነው፤ ነፋሱ ጸጉሯን ወደ አንድ ወገን ወስዶት ስትስቅ። ማዕዘኑ ላይ መስመሩን የሚጠብቀው ማሽን የለጠፈበት ቀይ ምልክት አለ፦ «ከመስመር በታች፤ አይታተምም።»

«አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ» አለ። «ፍሬም ውስጥ ላደርገው ነበር። ማሽኑ አልቀበልም ሲለኝ ብርሃኑን ከፍ አደረግሁት። አንቺ አልሆንሽም። ስትስቂ ጉንጭሽ ላይ የምትመጣዋ ጥላ ጠፋች። ወዲያው መለስኩት። ካልታተመች አትታተም፣ እንዲህ እንዳለች ትቀመጥ አልኩ።»

«ይህን ካየህ እነሱን እንዴት…»

«አንቺን አውቅሻለሁ።» ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «ምን እንደጠፋ የታየኝ ስለማውቅሽ ነው። ሕፃናቱን አላውቃቸውም።»

ለውሸት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ የምትመልሰውን ሁሉ በአውቶቡስ ውስጥ ደርድራለች። ለዚህ ግን ምንም አልደረደረችም።

«የማያውቃቸው አንተ ብቻ አይደለህም» አለች ቀስ ብላ። «ይህን ገጽ የሚከፍት ሐኪም ሁሉ አያውቃቸውም። ስለማያውቃቸው ነው የጻፍኩት።»

«ምን ላድርግ?»

«ጽሑፌን አውጣልኝ። እንዲህ ሆኖ ከሚታተም ለአራተኛ ጊዜ ይመለስ።»

«እኛስ?»

በሩ ላይ ቆመች። «አላውቅም። ገና አልለካሁትም።»

ሊፍቱን ትታ አራቱንም ፎቅ በደረጃ ወረደች። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ተመልሳ ልትወጣ ይዳዳታል፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ደግሞ የሰባተኛዋ ሮዝ ድድ ይመጣባታል።

*

ረቡዕ ጠዋት ሕመምተኞቿን ጎብኝታ ስትጨርስ ጠረጴዛዋ ላይ ፖስታ አገኘች። ውስጡ ያለው የደብዳቤ ግልባጭ ነው።

«ለዋና አዘጋጅና ለአሥራ ሁለቱ የቦርድ አባላት፤ ግልባጭ ለጸሐፊዋ።

የአሥራ አራቱን ሕፃናት ፎቶ ያለ ጸሐፊዋ ፈቃድ ያነጣሁት እኔ ነኝ። ሳነጣቸው የበሽታው ምልክት ጠፍቷል። ገጹ እንዲሁ ቢታተም የታመመ ሕፃን ጤነኛ ነው ብሎ ያስተምር ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የአራት ዓመት መዝገቤን ቆጠርኩ። የጥቁር ሕመምተኞች ፎቶ ያለባቸው ሰባ ጽሑፎች መጥተውልናል። ሃምሳ ሁለቱን ‹ግልጽነት ይጎድለዋል› ብዬ መልሻለሁ፤ አርባ አንዱ ገምጋሚ እጅ እንኳ አልደረሱም። የነጭ ሕመምተኞች ፎቶ ያለባቸው አራት መቶ ዘጠኝ ናቸው፤ የመለስኩት አሥራ አንዱን ነው። ሁሉም ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ማንንም አልጠላም ነበር። መስመሩን ብቻ ነው የጠበቅሁት። በዚያ መስመር ማን እንደቀረ ግን አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም።

ከጸሐፊዋ ጋር ያለኝ ግንኙነት በደንቡ መሠረት ከመጀመሪያው መገለጽ ነበረበት። እወዳታለሁ። የግንኙነት ማሳወቂያ ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ ስላጣሁ ‹ሌላ› በሚለው ሥር ጽፌዋለሁ። እሷ አንዳች ውለታ አልጠየቀችኝም፤ ስለ ጽሑፉ አንድ ቃል እንዳልተነፍስ አስጠንቅቃኛለች። ያጠፋሁት ሳልጠየቅ ነው።

እትሙ እንዲቆይ፣ ፎቶዎቹን ሌላ አራሚ እንዲይዛቸው፣ ብርሃናቸውም በሙሽሪት ፊት ሳይሆን ጸሐፊዋ ባስቀመጠችው ነጭ ጨርቅ እንዲስተካከል እለምናለሁ። ውሳኔያችሁ እስኪደርሰኝ ከጠረጴዛዬ ተነሥቻለሁ።»

ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ መካከሉን ብቻ እንደገና አነበበች።

«ሦስተኛሽ ነው» አሉ ሲስተር ከወዲያ ሆነው። «ሁለቴ መባልሽ ሊቀር ነው።»

እስከ ዛሬ የሸሸችው ነገር፣ ስሟ ከእሱ ስም ጋር ተቆራኝቶ፣ አሁን በአሥራ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ አለ። ልትቆጣ ይገባታል፤ ተቆጥታለችም። ነገር ግን ወረቀቱን አጥፋ ከጋውኗ ኪስ ስትከተው፣ እጇ ከኪሱ ለመውጣት እምቢ አለ።

*

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ሽበታቸውን አሳጥረው የተቆረጡ ሴት የጎብኚ ጋውን ለብሰው ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

«ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት? የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ነኝ። ጽሑፍዎ እንዲወጣ ጠይቀዋል። ከማውጣቴ በፊት ራሳቸውን ሕፃናቱን ማየት እፈልጋለሁ። ፎቶውን አይደለም።»

ሐኪሟ ወደ መስኮቱ አጠገብ ወዳለው አልጋ ወሰደቻቸው። የሦስት ቀን ወንድ ልጅ እናቱ ክንድ ላይ ተኝቷል።

«እንድናየው ይፈቅዱልናል?» አለች እናትየዋን።

«እዩት። እሱ እንደሆነ መታየት ይወዳል፤ የሚያስቸግረኝ ማንም ሳያየው ሲቀር ነው።»

«ምን ይታይዎታል?» አለች ሐኪሟ ወደ ዋና አዘጋጇ ዞራ።

«ደህና ሕፃን።»

ሕፃኑን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። በትንሿ ጣቷ ከንፈሩን ከፈት አድርጋ ድዱን ጫን አለችና ለቀቀችው። «ደሙ ሳይመለስ ይዩት። አሁንስ?»

ዋና አዘጋጇ መነጽራቸውን አወለቁ። ጎንበስ አሉ። ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ጫነች፤ ሦስት ጊዜ ለቀቀች። ከዚያ መዳፉን አሳየቻቸው። ዋና አዘጋጇ ፊታቸውን ወደ መዳፉ አስጠጉ።

«ቢጫ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ቅድም ስመጣም ነበረ?»

«ቅድምም ነበረ።»

እናትየዋ ደነገጠች። «ታሞብኛል እንዴ?»

«ትንሽ ነው፣ እህቴ። አይተነዋል። ሁለት ቀን መብራት ሥር ቢተኛ ይበቃዋል።»

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ዋና አዘጋጇ ጋውናቸውን ሳያወልቁ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። «ሙሽሪት የሚሏትን ካርድ አይተዋታል?»

«አይቻታለሁ።»

«እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። መጽሔቱ ሲቋቋም ማሽኑን የሚተክለው ባለሙያ አንድ ፊት አምጡልኝ አለ፤ ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። ሌላ ምክንያት የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውን ሁሉ በእኔ ፊት ስንለካ ኖርን። ያ ልጅ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ እስኪያስቀምጥ ድረስ ይህን አስቤው አላውቅም። ሊያስበው የሚገባው ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ።»

«ሃምሳ ሁለቱስ?» አለች ሐኪሟ። «የተመለሱት።»

«ለእያንዳንዳቸው በስማቸው እጽፋለሁ። መልሰው የሚልኩልን ስንት እንደሚሆኑ አላውቅም። ተቀይመው ቢቀሩም አልፈርድም።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «የእርስዎን በተመለከተ፣ ገምጋሚዎቹ ጽሑፍዎን የተቀበሉት ስለ እሱ ምንም ሳያውቁ ነው፤ ቀኑ መዝገብ ላይ አለ። ቀኑን ጠቅሼ ከጽሑፉ ሥር አሳትመዋለሁ፤ የእሱንም ጥፋት እንዲሁ። በማንም በር አልገቡም። ፎቶዎቹ በጨርቁ ይስተካከላሉ። ይህ ከሆነ ጽሑፍዎን ይተዉልኛል?»

ከሁለት ዓመት ከሰባት ወር ወዲህ አንድ የመጽሔት ሰው ጽሑፏን ሲለምናት የመጀመሪያዋ ነበር። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አፏን ስትከፍት ግን ያላሰበችው ነገር አመለጣት።

«እሱስ?»

የዋና አዘጋጇ ፊት ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር አለፈ። «እንደ አዘጋጅ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼዋለሁ፤ ስድስት ወር አንድም ፎቶ በእጁ አይነካም። እንደ አክስት ግን ያናደደኝ ሌላ ነው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ቤቴ እየመጣ፣ ‹ምነው ከሳህ› ስለው ‹ሥራ በዝቶብኝ ነው› ይለኛል። ሥራውን የማበዛበት እኔ፤ እንዳልበዛበት የማውቀው እኔ።» ጋውኑን አውልቀው ሰጧት። «አባትሽ አሉ አይደል? በመጪው እሁድ ልጎበኛቸው እንደምፈልግ ንገሪልኝ።»

አንቺ መባሏን ያስተዋለችው ዋና አዘጋጇ ኮሪደሩን ጨርሰው ከታጠፉ በኋላ ነው። ጋውኑን እንዳቀፈች ብቻዋን ፈገግ አለች።

*

የመጀመሪያው ገጽ ከማተሚያው ሲወጣ እንድታየው ተጠራች። በማተሚያ ቤቱ ትልቅ መስኮት ሥር አራሚው ቆሟል፤ ሁለቱ እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አልተያዩም።

«እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የመጣሁት» አለ። «ትእዛዝ ነው።»

አታሚው የራሰውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሄደ። ሕፃናቱ ጥቁር ናቸው፤ ጥቁረታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አሥራ አራት ዓይነት ነው። ከእያንዳንዱ እጅ አጠገብ የአባቷ ነጭ ጨርቅ አለ።

«ሰባተኛዋን እያት» አለችው።

ጎንበስ ብሎ አየ። ለመፍረድ አልቸኮለም። ድዷን አየ፤ መዳፏን አየ፤ ዓይኑ ወደ ጨርቁ ሄዶ ተመለሰ።

«ታማለች» አለ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቀና አለ። «ታየኝ። ታማለች።»

ሰው ይህን ቃል ተናግሮ እንዲህ ደስ ሲለው አይታ አታውቅም። ሳቀች። ሲያያት እሱም ሳቀ፤ ጉንጯ ላይ የመጣችውን ጥላ እያየ መሆኑን አወቀች።

«ለካሁት» አለችው።

«ምኑን?»

«በሩ ላይ ሆኜ ገና አልለካሁትም ያልኩህን። ሁለቴ ለካሁት።»

እሷ ቀረበችና የግራ እጁን ከኪሱ ስባ አወጣችው። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል።

«ፎቶ አትንካ ነው ያሉህ» አለች። «እጄን አትንካ አላሉህም።»

ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱም ገጹ ላይ እንዳቀረቀሩ፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሙ።

እትሙ የወጣው አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ ነው። ከከተማ ውጭ ያለ አንድ የማዋለጃ ጣቢያ አራተኛውን ገጽ መስኮቱ አጠገብ ለጠፈው። ከመለጠፉ በፊት በነበሩት ስምንት ሳምንታት ጣቢያው በቢጫነት ወደ ሆስፒታሉ የላካቸው ጥቁር ሕፃናት ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም የደረሱት ዘግይተው ነው። ከተለጠፈ በኋላ በነበሩት ስምንት ሳምንታት ዘጠኝ ሕፃናት ላከ። ዘጠኙም በመብራት ታክመው፣ በአማካይ በሦስተኛው ቀን፣ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።